ባሕር ውስጥ የሚቀር መረብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ባሕር ቆሻሻ ሲወራ ሁሉም ሰው ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ያነሳል። ፌስታል ግን ዓሣ እንዲይዝ ተብሎ አልተሠራም። መረብ ለዚሁ ነው የተሠራው፤ ባሕር ውስጥ ሲቀርም ሥራውን አያቆምም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከአጥማጆች፣ ከጠላቂ ዋናተኞችና ነገሩ ከገረማቸው ሰዎች በብዛት የሚነሱ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የጠፋ መረብ» ሲባል ምን ምን ያጠቃልላል?

ሦስት ዓይነት ነገር በአንድ ስም ይጠራል። አንዱ በአደጋ የጠፋ ነው፤ ገመዱ ተበጥሶ፣ ምልክቱ ተወስዶ፣ ማዕበል ጎትቶት። ሁለተኛው ባለቤቱ የት እንዳለ እያወቀ ትቶት የሄደው ነው። ሦስተኛው አርጅቶ ወይም ተቀዶ ሆን ተብሎ ውሃ ውስጥ የተጣለ ነው። መረብ ብቻም አይደለም። የሸርጣንና የሎብስተር ወጥመድ፣ መንጠቆ የተደረደረበት ረጅም ገመድ፣ ተንሳፋፊው፣ መልሕቁ፣ ሁሉም ይካተታል።

በውጭው ዓለም «ጎስት ጊር» ይሉታል፤ የሙት መንፈስ መሣሪያ እንደማለት ነው። እኔ «ጌታ የሌለው መረብ» ማለቱ ይሻለኛል። መንፈስ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ችግሩ የሚያወጣው ጌታ ማጣቱ ነው።

መረብ ውድ ነው አይደል? አጥማጅ ገንዘቡን እንዴት ይጥላል?

ይሄ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። አብዛኛው አጥማጅ አይጥልም፤ ይጠፋበታል። መረቡ እንጀራው ነው።

በጣም የተለመደው ምክንያት አየር ነው። አጥማጁ መረቡን ዘርግቶ ወደ ወደብ ይመለሳል። ሌሊቱን ወጀብ ይነሳል። ጠዋት ሲመጣ ተንሳፋፊው የለም። መረቡ ምናልባት እዚያው ታች ነው፤ ምናልባት ደግሞ ብዙ ርቀት ተጉዟል።

ሁለተኛው ወለሉ ነው። ድንጋይ፣ ኮራል ወይም የሰመጠ መርከብ መረቡን ይይዘዋል። ሲጎትቱት ይቀደዳል። ግማሹ ጀልባው ላይ ይወጣል፣ ግማሹ ታች ይቀራል።

ሦስተኛው የአጥማጆች እርስ በርስ ግጭት ነው። አንዱ መረቡን እንደ ግድግዳ አቁሞ ይሄዳል። ሌላው በትልቅ መርከብ ወለሉን እየጠረገ የሚጎተት መረብ ይዞ ይመጣል። ምልክቱን ካላየ፣ ወይም ምልክቱ ከሌለ፣ የመጀመሪያው ሰው መረብ ተጠርጎ ይሄዳል። የንግድ መርከብ ፕሮፔለርም የተንሳፋፊውን ገመድ ቆርጦ ያልፋል።

ሆን ብሎ መጣሉም አለ፣ አልክድም። በሕገ ወጥ መንገድ የሚያጠምድ ሰው ተቆጣጣሪ ሲመጣበት ገመዱን ቆርጦ ይሮጣል። አንዳንዱ ደግሞ ማንሳት ከሚችለው በላይ ይዘረጋል። ከሃያ ዓመት በፊት በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ጥልቅ ውሃ ላይ የታየው ይህ ነበር። መርከቦቹ የዘረጉትን መረብ በሙሉ ጭነው መመለስ አይችሉም ነበር። ነገሩ ሲጋለጥ፣ በ2006 ከ200 ሜትር በታች እንዲህ ያለ መረብ መዘርጋት ታገደ። ኋላ ላይ እገዳው በቅድመ ሁኔታ ላላ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። መረብ ሲጠገን የሚቆረጡት ቁርጥራጭ ክሮች። ጀልባው ወለል ላይ ይወድቃሉ፣ ጀልባው ሲታጠብ ከውሃው ጋር ባሕር ይገባሉ። ብዙ የባሕር ዳርቻ ላይ የሚገኘው ይሄ ሚጢጢ ክር ነው። መፍትሔው ደግሞ አንድ ባልዲ ነው።

በዓመት ምን ያህል ይጠፋል?

«በዓመት 640,000 ቶን» የሚል ቁጥር በየቦታው ታገኛላችሁ። ተጠንቀቁ። ቁጥሩ የታወቀው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ከአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራሙ ጋር በ2009 ካወጣው ሪፖርት ወዲህ ነው። የጠፋ መሣሪያ ከባሕር ቆሻሻው 10 በመቶ ያህል ይሆናል ከሚል ግምት የተሰላ እንጂ ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም።

የተሻለው መረጃ በ2022 የወጣ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በ7 አገሮች 450 አጥማጆችን አነጋገሩ፤ ምን ያህል ይጠፋባችኋል ብለው ጠየቁ። ከዚያ ለዓለም አሰሉት። ውጤቱ ከጠቅላላው የማጥመጃ መሣሪያ ወደ 2 በመቶ የሚጠጋው በየዓመቱ ይጠፋል የሚል ነው። ሁለት በመቶ ትንሽ ይመስላል። ሲዘረዘር ግን፦ ወደ 740,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋና የመንጠቆ ገመድ፣ ወደ 14 ቢሊዮን መንጠቆ፣ 25 ሚሊዮን ወጥመድ፣ 2,963 ካሬ ኪሎ ሜትር እንደ ግድግዳ የሚቆም መረብ። ገመዱ ብቻውን መሬትን 18 ጊዜ ይዞራል።

ከዚያ በፊት በ2019 የወጣ ሌላ ግምገማ ከፍ ያለ ቁጥር ሰጥቶ ነበር፤ ከመረብ 5.7፣ ከወጥመድ 8.6፣ ከመንጠቆ ክርና ገመድ 29 በመቶ። ልዩነቱ አያስደንቅም። ሁሉም የሚቆጥረው ሰው የነገረውን ነው፤ የሚቀጣ ሰው ደግሞ አይናገርም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እንመለስባታለን።

ማንም ሳይጎትተው እንዴት ዓሣ ይይዛል?

የቆመ መረብ መጀመሪያም አይጎተትም። ዓሣው ራሱ ሄዶ ይገባበታል። ባለቤቱ ቢኖርም ባይኖርም ለዓሣው ለውጥ የለውም።

የተያዘው ዓሣ ይሞታል፣ ሽታው ሸርጣኑን ይጠራል፣ ሸርጣኑ ሊበላ መጥቶ ይያዛል። ወጥመድ ውስጥ ነገሩ ይብሳል። መጀመሪያ የተደረገው ምግብ ሲያልቅ የሞቱት እስረኞች ራሳቸው ምግብ ይሆናሉ። ወጥመዱ ራሱን እያጠመደ ይቀጥላል ማለት ነው።

መረብ ለዘላለም እንደ መጀመሪያው ቀን አይገድልም። በባልቲክ ባሕር የኮድ ዓሣ መረቦች ሆን ተብሎ ተትተው ተለክቷል። የመያዝ አቅማቸው በ3 ወር ውስጥ ወደ 20 በመቶ ወረደ። ከ27 ወር በኋላ ግን አሁንም 5 ወይም 6 በመቶ ላይ ነበሩ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ማዕበሉ ይጠቀልላቸዋል፤ ጭቃና አልጌም ይለብሳቸዋል። ዓሣውም ያያቸዋል። ጥልቅ ውሃ ላይ ማዕበል አይደርስም፣ ብርሃን የለም፣ አልጌ አይበቅልም። እዚያ የቆመ መረብ እንደቆመ ይቆያል።

ከእነዚህ ቁጥሮች የምወስደው አንድ ነገር ነው። ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው። በሁለተኛው ዓመት የሚደረግ ትልቅ የጽዳት ዘመቻ ፎቶው ያምራል። በሁለተኛው ቀን የሚደረግ ፍለጋ ግን ብዙ ዓሣ ያተርፋል።

ቆይቶ አይበሰብስም?

የድሮው ይበሰብስ ነበር። ጥጥ፣ ሄምፕ፣ ተልባ ነበር። ከ1950ዎቹ ወዲህ ናይሎንና ሌሎች ሰው ሠራሽ ክሮች ተኩት። እነሱ አይበሰብሱም፤ እየተፈረፈሩ ይደቃሉ። ናይሎን ከባሕር ውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል። ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኢትሊን ይንሳፈፋሉ። በ2018 የወጣ ጥናት በሰሜን ፓስፊክ መሐል የተከማቸውን ትልቁን የፕላስቲክ ክምችት ሲመዝን፣ ከክብደቱ 46 በመቶው የዓሣ መረብ ሆኖ ተገኘ።

እንዳይጠፋ ምን ይደረግ?

ብዙው ነገር ተራ ጥንቃቄ ነው። ወጀብ ሊመጣ ከሆነ አለመዘርጋት፤ የተዘረጋውንም ቶሎ ማውጣት። በአንድ ጉዞ ማንሳት የሚቻለውን ያህል ብቻ መዘርጋት። መረቡ ውሃ ውስጥ የሚቆይበትን ሰዓት ማሳጠር። ድንጋያማ ወለል ላይ ከመጣል በፊት በሶናር (ወለሉን በድምፅ በሚቃኝ መሣሪያ) ወይም በካርታ ማየት። ያረጀ ገመድን «ለዛሬ ብቻ» አለማለት፤ የሚበጠሰው ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ምልክት ነው። በ2018 የምግብና እርሻ ድርጅቱ የዓሣ ሀብት ኮሚቴ የማጥመጃ መሣሪያ ምልክት አደራረግን የሚመለከት መመሪያ አጽድቋል። አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ መሣሪያው የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ ከላይ የሚያልፍ መርከብም ታች መረብ እንዳለ ማወቅ አለበት። ባለቤቱን ለማሳወቅ መለያ ቁጥር ይበቃል። ቦታውን ለማሳወቅ ባንዲራ፣ መብራት፣ ራዳር የሚያየው አንጸባራቂ፣ አቅም ካለ ደግሞ በሳተላይት ቦታውን የሚናገር ተንሳፋፊ። ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው የሳተላይቱን ላይችል ይችላል፤ መለያ ቁጥር መጻፍ ግን ማንም አያቅተውም።

ሦስተኛው ወሬ ነው። አዎ፣ ወሬ። የቆመ መረብ ያላቸውና እየጎተቱ የሚያጠምዱት በሬዲዮ ከተነጋገሩ፣ ወይም ቦታና ጊዜ ከተከፋፈሉ፣ ግጭቱ በብዙ ይቀንሳል። ቴክኖሎጂ አይፈልግም። ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ከዚያ ወደቡ አለ። አጥማጁ ያረጀ መረቡን ይዞ ሲመጣ «ለዚህ ክፈል» ከተባለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይዞ አይመጣም። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው የወደብ ቆሻሻ መመሪያ መርከቦች ቆሻሻ ቢያራግፉም ባያራግፉም የሚከፍሉት አንድ ክፍያ እንዲኖር አደረገ፤ ከባሕር በመረባቸው የወጣ ቆሻሻ ደግሞ ተጨማሪ አይከፈልበትም። ደቡብ ኮሪያ ከዚህም አልፋ ሄዳለች። ከ2003 ጀምሮ አጥማጅ ሲያጠምድ የወጣለትን ያረጀ መሣሪያ በከረጢት ሞልቶ ሲያመጣ ይከፈለዋል። ለእኔ ይሄ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል።

ቢጠፋ እንኳ መግደሉን እንዲያቆም አድርጎ መሥራት አይቻልም?

ለወጥመድ ይቻላል፤ ዘዴውም በጣም ርካሽ ነው። በወጥመዱ ጎን መውጫ ይበጃል፣ በጥጥ ክር ይሰፋል። ወጥመዱ ከጠፋ ክሩ ውሃ ውስጥ በስብሶ መውጫው ይከፈታል። በአሜሪካዋ አላስካ ለሸርጣን ወጥመድ የጥጥ ክር ግዴታ ነው፤ ውፍረቱም በደንብ ተወስኗል። አንድ ጥቅል ክር ስንት ሕይወት እንደሚያተርፍ ሳስብ ይሄን የሠራው ሰው ሽልማት ይገባው ነበር እላለሁ።

ለመረብ ነገሩ ገና ነው። በባሕር ውስጥ ቀስ ብሎ የሚበሰብስ ክር በኮሪያም በኖርዌይም ተሞክሯል። ኖርዌይ ውስጥ በኮድ ላይ ሲሞከር ከናይሎኑ ያነሰ ዓሣ ያዘ። ያነሰ የሚይዝ መረብ ግዛ ብሎ ለአጥማጅ መንገር ቀላል አይደለም።

መረቤ አሁን ጠፋ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ቦታውን ያዝ። ጂፒኤሱ ላይ ምልክት አድርግ፤ የለህም እንደሆነ በስልክህ። ሰዓቱን፣ ጥልቀቱን፣ የነፋሱንና የውሃውን አቅጣጫ ጻፍ። በኋላ የሚፈልገው ሰው መነሻው ይሄ ብቻ ነው።

ቀጥሎ፣ አየሩ ከፈቀደ ብቻ፣ እዚያው ሞክር። ሜንጦ ካለህ መረቡ በተዘረጋበት አቅጣጫ ሳይሆን አግድም አቋርጠህ ቀስ ብለህ ጎትት። በመረቡ ርዝመት ከሄድክ ሜንጦው ጎን ለጎን ያልፈዋል። ከያዘልህ በኃይል አትጎትት። የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ ሰው ይገድላል፤ ትንሽ ጀልባም ይገለብጣል። መረብ ይተካል።

ካልቻልክ ለባሕር ጠረፍ ጥበቃ ወይም ለዓሣ ሀብት ቢሮው ተናገር፤ በአካባቢው ላሉ ጀልባዎችም በሬዲዮ አሳውቅ። ዓይነቱን፣ ርዝመቱን፣ ቦታውን፣ የጠፋበትን ሰዓት፣ ምን እንደሞከርክ። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ነገ እናገራለሁ ያልከው መረብ ነገ ሌላ ቦታ ነው።

ብናገር አልቀጣም?

የፍርሃቱ ምንጭ ይገባኛል። ሕጉ ግን በአብዛኛው ለሚናገረው ያደላል።

መርከቦች ባሕርን እንዳይበክሉ የሚደነግገው ማርፖል የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በአምስተኛው አባሪው፣ ሰው ሠራሽ መረብ ባሕር ውስጥ መጣልን ይከለክላል። ይህ ከ1988 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ተገቢው ጥንቃቄ ተደርጎ በአደጋ የጠፋ ግን ጥፋት አይባልም። በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ደግሞ ለአካባቢው ወይም ለመርከብ ጉዞ ከባድ አደጋ የሚሆን መሣሪያ ሲጠፋ ሪፖርት እንዲደረግ ያዛል። በአውሮፓ ኅብረት የ2009 የቁጥጥር ሕግ ካፒቴኑ መጀመሪያ ራሱ ለማውጣት መሞከር አለበት፤ ካልቻለ ያሳውቃል። ሳያሳውቅ ቀርቶ መንግሥት ካወጣው የማውጫው ወጪ ሊጠየቅ ይችላል።

ማለትም ዝምታው ነው የሚያስከፍለው። በየአገሩ ዝርዝሩ ይለያያልና የራስህን አገር ሕግ ጠይቅ። ለሕግ አውጪዎች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። መረቡ የት እንዳለ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱን ካስፈራራችሁት ውቅያኖስ ሙሉ መፈለግ ይቀራችኋል።

ኖርዌይ ይሄን ቀድማ የገባት ይመስለኛል። አጥማጁ ፈልጎ ካጣ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ከ1983 ጀምሮ በየዓመቱ መርከብ ልኮ በተነገረው ቦታ ላይ እየጎተተ ያወጣል።

ከጥልቅ ውሃ እንዴት ይወጣል?

እንደ ጥልቀቱ ነው። በጥልቅ ውሃ ከባድ ሜንጦ በሰንሰለት ታስሮ ከመርከብ ኋላ በወለሉ ላይ ይጎተታል። የቆየ ዘዴ ነው፤ አሁንም ይሠራል። ጉዳቱ ወለሉን መቧጨሩ ነው፤ ስለዚህ ኮራል ባለበት አይሞከርም። ጥልቀት በሌለው ውሃ በመጀመሪያ ወለሉን በድምፅ የሚቃኝ ሶናር ይጎተታል። የብረት ወጥመድ በሶናር ምስል ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ቀጭን የናይሎን መረብ ግን ያስቸግራል። ከዚያ የሠለጠኑ ጠላቂዎች ይወርዳሉ፣ ይቆርጣሉ፣ አየር የሚሞላ ከረጢት አስረው ወደ ላይ ይልኩታል። ሰው በማይደርስበት ቦታ ከላይ የሚነዳ ሮቦት ይወርዳል።

ጠላቂ ነኝ። መረብ ካየሁ ላውጣው?

አታውጣ። የመዝናኛ ጠላቂ ከሆንክ ርቀህ ፎቶ አንሳ፣ ቦታውን ያዝ፣ ለሚመለከተው ተናገር። መረብ ዓሣ ብቻ አይይዝም፤ የአየር ቱቦም፣ የእግር መቅዘፊያም ይይዛል። ሲቆረጥ ደግሞ ውጥረቱ ተለቅቆ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ይወነጨፋል። ይህን የሚሠሩት ሰዎች ለዚሁ የሠለጠኑ ናቸው፤ በቡድን ነው የሚወርዱት፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ በላይ መቁረጫ ይዘው።

የተገኘው ሁሉ መውጣት አለበት?

የለበትም። ከብዙ ዓመት በኋላ ኮራልና ስፖንጅ የበቀለበት፣ ዓሣም መያዝ ያቆመ መረብ ሲነቀል ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊበልጥ ይችላል። ያን ጊዜ የላላው ብቻ ተቆርጦ ቀሪው ይተዋል።

ወጪው ያዋጣል?

በደንብ የተሰላ አንድ ምሳሌ አለ። አሜሪካ ውስጥ በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ፣ በቨርጂኒያ በኩል። በ2008 የክረምቱ የሸርጣን ማጥመድ ሲዘጋ ሥራ ያጡትን አጥማጆች ሶናር አስይዘው የጠፋ ወጥመድ እንዲያወጡ ቀጠሯቸው። እስከ 2014 ድረስ 34,408 ወጥመድ አወጡ። ፕሮግራሙ የፈጀው 4.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። በኋላ የወጣ ጥናት እንዳሰላው በዚያ ምክንያት የተገኘው ተጨማሪ የሸርጣን ምርት 21.3 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል።

የጠፋ ወጥመድ ሸርጣኑን ከመግደሉም ሌላ ከሚሠራው ወጥመድ ጋር ይሻማል። ይሄ ነው ቁጥሩን ያሳደገው። እና ልብ በሉ፣ ያወጡት አጥማጆቹ ናቸው። ወለሉን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የወጣው መረብ የት ይሄዳል?

እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ከባሕር የወጣ መረብ ጨው፣ አሸዋ፣ ቀንድ አውጣ፣ የእርሳስ ክብደት፣ ሦስት ዓይነት ፕላስቲክ አብሮ ይዞ ነው የሚመጣው። ያ ሁሉ በእጅ ይለያል። ንጹሕ ናይሎን ከሆነ ቀልጦ ወይም ወደ ጥሬ ዕቃው ተመልሶ ምንጣፍና ልብስ ይሆናል። ለዚህ የሚመቸው ግን ገና ባሕር ውስጥ ሳይቀር ወደብ ላይ የተሰበሰበ አሮጌ መረብ ነው። በሃዋይ ከ2002 ጀምሮ ለሌላ የማይሆነውን እየቆራረጡ አቃጥለው ኤሌክትሪክ ያመነጩበታል። «ከባሕር የወጣ መረብ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ስታዩ፣ ከባሕር ነው ወይስ ከወደብ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱም ጥሩ ነው፤ አንድ ግን አይደለም።

ባሕር ዳር ላይ መረብ ባገኝስ?

ትንሽ ከሆነ ሰብስበህ ማዕበል በማይደርስበት ቦታ አስቀምጥ ወይም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ክተት። መንጠቆ ሊኖርበት ስለሚችል በባዶ እጅ አትያዝ። ትልቅና አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ከሆነ አትታገለው። መለያ ቁጥር ካለው ፎቶ አንሳና ለወደቡ ላክ።

ኤሊ ወይም ሌላ እንስሳ ተጠልፎበት ካገኘህ መረቡን ከአካሉ ላይ አትጎትት፤ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። እንደታሰረም ወደ ባሕር አትመልሰው። በጥላ አድርገው፣ ሰውና ውሻ አርቅለት፣ የነፍስ አድን ሰዎችን ጥራ። ዓሣ ነባሪ ከሆነ ግን ውሃ ውስጥ አትግባ። ከሩቅ ሆነህ ደውል፣ ሰዎቹ እስኪደርሱም ከዓይንህ እንዳይጠፋ ተከታተለው።